ቀይዋ ነጥብ፦ ከልጅዎ ጋር ሌዘር ጠቋሚ ለመሥራት

ልጅዎ «ሌዘር ግዙልኝ» ካለ እምቢ ከማለትዎ በፊት ይህን ያንብቡ። እሺ ከማለትዎም በፊት ያንብቡት።

ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ልጆች ከደጅ ተሰብስበው ሳሎን ይገባሉ። መብራት ካለ ቴሌቪዥኑ የእነሱ ነው፤ ከሌለ ደግሞ ስልክዎ። እንዲህ ባለው ቀን ነው ልጅዎ ከጓደኛው የተዋሰውን ወይም ከመንገድ ዳር የገዛውን፣ የቁልፍ መያዣ የምታክል ሌዘር ከኪሱ አውጥቶ ቀይ ነጥብ ግድግዳው ላይ ማስሮጥ የሚጀምረው። ድመቷ ነጥቧን ታሳድዳለች፤ ታናሽ እህቱ ትስቃለች። ነጥቧ ከግድግዳው ወደ ኮርኒሱ፣ ከኮርኒሱ ወደ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ወደ እርስዎ ፊት ትዘላለች።

አብዛኞቻችን በዚህ ጊዜ የምናውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ እንቀማለን። መቀማቱ ስሕተት አይደለም። ችግሩ ልጁ ከመቀማቱ የሚማረው ነገር አለመኖሩ ነው። በሌላ ቀን፣ እኛ በሌለንበት፣ ሌላ ሌዘር ያገኛል፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው የበለጠ ኃይለኛ። ሌላው መንገድ አንድ ቅዳሜ ከሰዓትን ለዚህ ጉዳይ መስጠት ነው። ሌዘሩን አብራችሁ ሥሩት። በእጁ የሠራ ልጅ በውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል፤ ምን እንዳለ ያወቀ ልጅም ለምን መጠንቀቅ እንዳለበት ሳይነገረው ይገባዋል።

ሥራው ከባድ አይደለም። ዕቃዎቹ በአንድ መዳፍ ይያዛሉ። እርስዎም የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሆን አይጠበቅብዎትም።

ለመሆኑ ሌዘር ምንድን ነው?

ልጅዎ መጠየቁ ስለማይቀር መልሱን ይያዙ። የክፍላችሁ አምፖል ብርሃን ጨዋታ አልቆ ከስታዲየም እንደሚወጣ ሕዝብ ነው፤ ሁሉም በየራሱ አቅጣጫ፣ በየራሱ ፍጥነት ይበታተናል። የሌዘር ብርሃን ግን እንደ ማርሽ ባንድ ሰልፍ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ፣ እግሩን እኩል እያነሣ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። «አንድ ዓይነት ልብስ» ያልነው አንድ ቀለም መሆኑን ነው፤ «እኩል እግር» ያልነው ደግሞ የብርሃኑ ሞገዶች አብረው መነሣታቸውንና መውደቃቸውን ነው።

ነገሩን በሐሳብ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1917 የጠቆመው አልበርት አንስታይን ነው። በተግባር ለመታየት ግን 43 ዓመት ወሰደ። ግንቦት 16 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ባለሙያ በካሊፎርኒያ ከሩቢ ድንጋይ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። ዩኔስኮ የዓለም የብርሃን ቀንን በየዓመቱ በዚያው ዕለት የሚያከብረው ለዚህ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ ከሩቢ ይልቅ በሴሚኮንዳክተር የሚሠራ ሌዘር ተሠራ። ዛሬ በሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋ ዕቃዎን የምታነብበት መሣሪያም፣ የሲዲና የዲቪዲ ማጫወቻም፣ በመንገድ ዳር የሚሸጠው ጠቋሚም የዚያ ቤተሰብ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ብርሃን ሰጪ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰ ነው።

ዓይን ለምን ይጎዳል?

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የነበረውን የፀሐይ ግርዶሽ ያስታውሳሉ? በላሊበላና በአካባቢው ቀለበት ሆኖ በታየበት በዚያ እሑድ ጠዋት «ያለ መከላከያ መነጽር አትመልከቱ» ይባል ነበር። የሌዘር ነገርም ከዚያው ይነሣል። የዓይናችን ሌንስ የሚገባበትን ብርሃን ሰብስቦ ከኋላ ባለው ስስ የማያ መጋረጃ፣ በሬቲና ላይ ያሳርፈዋል። በአጉሊ መነጽር ፀሐይን ሰብስበን ወረቀት እንደምናቃጥለው ማለት ነው። የሌዘር ጨረር ደግሞ ሳይበታተን የሚመጣ ስለሆነ ሌንሱ እጅግ ትንሽ ነጥብ ላይ ያከማቸዋል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ሬቲና የሕመም ስሜት የለውም፤ ሲቃጠል «አይ!» የሚያሰኝ ነገር አይኖርም። ሁለተኛ፣ ለማንበብና ፊት ለመለየት የምንጠቀምበት የሬቲናው መካከለኛ ክፍል ከተቃጠለ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የሌዘሩ ኃይል ስንት ነው የሚለው ነው። ኃይሉ የሚለካው በሚሊዋት፣ ማለትም በዋት አንድ ሺኛ ነው። የሚታይ ጨረር ያላቸው ጠቋሚዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲህ ይመደባሉ፦

• ክፍል 2፦ ከ1 ሚሊዋት የማይበልጥ። ድንገት ዓይን ውስጥ ቢገባ በሩብ ሴኮንድ ውስጥ ስንርገበገብና ፊታችንን ስናዞር እንድናለን። ሆን ብሎ አፍጥጦ ማየት ግን እዚህም ያስፈራል።

• ክፍል 3R፦ እስከ 5 ሚሊዋት። በጥንቃቄ፣ በአዋቂ እጅ።

• ክፍል 3B፦ ከ5 እስከ 500 ሚሊዋት። ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ሊጎዳ ይችላል። ለቤት አይሆንም።

• ክፍል 4፦ ከ500 ሚሊዋት በላይ። ቆዳም ያቃጥላል፣ እሳትም ያስነሣል።

በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ማመን አይቻልም። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2013 እ.ኤ.አ. 122 ሌዘር ጠቋሚዎችን መርምሮ ነበር። ከአረንጓዴዎቹ 90 በመቶ ያህሉ፣ ከቀዮቹ 44 በመቶ ያህሉ የአገሪቱን የደኅንነት ደንብ ሳያሟሉ ተገኝተዋል። ያ በአሜሪካ ገበያ ከሆነ፣ ያለ ማሸጊያ የሚሸጠው ምን ሊሆን እንደሚችል እርስዎ ይገምቱ።

አረንጓዴው ለምን ባሰ? በብዙዎቹ ርካሽ አረንጓዴ ጠቋሚዎች ውስጥ ብርሃኑ የሚጀምረው በዓይን በማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረር ነው፤ ክሪስታሎች ናቸው ወደ አረንጓዴ የሚቀይሩት። የማይታየውን የሚያስቀር ማጣሪያ ካልተገጠመለት ከአረንጓዴው ጋር ሾልኮ ይወጣል። ዓይን የማያየውን ነገር ሸሽቶ አይርገበገብም። ቀዩ ግን ከምንጩ ቀይ ነው፤ የሚያዩት ሁሉ ያ ነው። ስለዚህ ቀይ እንሠራለን።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ትንሽ ከፍ ያሉ ልጆች በስልካቸው የሚያዩት ቪዲዮ አለ፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ዲቪዲ መጻፊያውን ፈተው ሌዘሩን በማውጣት ፊኛ የሚያፈነዱበት፣ ክብሪት የሚለኩሱበት። ዲስክ ላይ ለመጻፍ የተሠራው ያ ሌዘር ከ100 ሚሊዋት በላይ ሊሰጥ ይችላል። በማሽኑ ውስጥ ተዘግቶ ሳለ ደኅና ነው፤ ከተፈታ ግን ክፍል 3B ነው። በአንድ ቅጽበት ከመስታወት ወይም ከማንኪያ ተንጸባርቆ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ልጅዎ ይህን ሐሳብ ይዞ ከመጣ «አይሆንም» ይበሉት፤ ምክንያቱንም ይንገሩት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• አንድ ቀይ የሌዘር ሞጁል። የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ በሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። የጣት ጫፍ የምታክል፣ ነሐስ መሳይ ትንሽ ቱቦ ናት፤ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሏት። የሞገድ ርዝመቷ 650 ናኖሜትር፣ በ3 ቮልት የምትሠራ፣ ኃይሏ ከ1 ሚሊዋት በታች የሆነችውን ይጠይቁ። ከ5 ሚሊዋት በታች የምትለዋ ብቻ ከተገኘች ሲበራ እጅዎ ከልጁ እጅ አይለይ።

• ሁለት ዳብል ኤ የባትሪ ድንጋይና ማስቀመጫው።

• አንድ ተጫኝ ማብሪያ። እንደ በር ደወል ሲጫኑት ብቻ የሚያበራ፣ ጣት ሲነሣ የሚጠፋ መሆን አለበት።

• ናስትሮ፣ መቀስ፣ ጥቂት ቀጭን ሽቦ።

• ቀለሙ ያለቀ ወፍራም ማርከር ወይም አጭር የፕላስቲክ ቱቦ።

• ቴስተር ካለ ጥሩ፤ ከሌለም ይቻላል።

የማብሪያው ምርጫ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን የዚህ ሥራ ዋነኛ የጥንቃቄ መሣሪያ እሱ ነው። ሌዘሩ ከልጁ እጅ ቢወድቅ፣ ሶፋ ሥር ቢገባ፣ ታናሽየው ቢያነሣው፣ ጣት ካልተጫነው አይበራም።

አሠራሩ

1. ሁሉንም ሲያገናኙ ድንጋዮቹ ወጥተው ይቀመጡ። ድንጋይ የሚገባው በመጨረሻ ነው።

2. የሽቦዎቹን ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይላጡ። ለልጁ የመቀሱን ሥራ ያሳዩትና ሁለተኛውን እሱ ይላጥ።

3. የሞጁሉን ቀይ ሽቦ ከማብሪያው አንድ እግር ጋር ያያይዙ። ከማብሪያው ሌላኛው እግር የድንጋይ ማስቀመጫውን ቀይ ሽቦ ያገናኙ። የሞጁሉን ሌላ ሽቦ (ጥቁር ወይም ሰማያዊ) በቀጥታ ከማስቀመጫው ጥቁር ሽቦ ጋር ያጠማዝዙ። ቀይና ጥቁሩ ከተገለባበጠ ሞጁሉ ላይሠራ፣ ከነጭራሹም ሊበላሽ ይችላል።

4. የተጋለጠውን ሽቦ ሁሉ በናስትሮ ይጠቅልሉ። ቀይና ጥቁር የትም ቦታ መነካካት የለባቸውም።

5. ሞጁሉን ወደ ሻካራ ግድግዳ ወይም ወደ ካርቶን ያዙሩት። ሁላችሁም ከሌዘሩ ኋላ ቁሙ። አሁን ድንጋዩን ያስገቡ፤ ልጁ ይጫን።

ነጥቧ ወጣች? እንኳን ደስ አላችሁ። አልወጣችም? በጣም መንቃት ያለብዎት አሁን ነው። ማንኛውም ልጅ ያልበራለትን ባትሪ የሚመረምረው ቀዳዳውን ወደ ዓይኑ አዙሮ እየተጫነ ነው። ይህን ሳያደርግ በፊት እጁን ይያዙና ሕጉን ይንገሩት፦ «ሌዘር መብራቱ የሚታየው ወረቀት ላይ እንጂ ቀዳዳው ውስጥ አይደለም።» ከዚያ ድንጋዩን አውጥታችሁ አንድ በአንድ ፈትሹ። ድንጋዩ ተገልብጦ ይሆን? የላላ ሽቦ አለ? ማብሪያው ይሠራል? ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው።

6. ነጥቧ ከደበዘዘችና ከተበተነች የሞጁሉን አፍ ቀስ አድርገው ያሽከርክሩ፤ በብዙዎቹ ላይ ሌንሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ሲያደርጉም ነጥቧን ግድግዳው ላይ ይከታተሉ።

7. ሞጁሉን በማርከሩ ቱቦ ውስጥ አስገብተው በናስትሮ ያጥብቁ፤ ማብሪያው ለጣት እንዲመች ይውጣ። ድንጋዩ ካልገባ ከውጭ ይታሰር። ውበቱን ለልጁ ይተዉለት። በላዩ ላይ ግን በራሱ የእጅ ጽሑፍ «ወደ ዓይን አይበራም» ብሎ ይለጥፍበት።

ልጅዎ የሒሳብ ፍቅር ካለው ይህን ጨምሩለት። በሞጁሉ ውስጥ ከሌዘሩ ጋር ሬዚስተር ወይም ከረንት መቆጣጠሪያ አለ። ሥራው እንደ ቧንቧ መክፈቻ ከረንቱን መጥኖ ማሳለፍ ነው። ለምሳሌ ሌዘሩ 2.2 ቮልትና 25 ሚሊአምፒር የሚፈልግ ቢሆንና ሁለቱ ድንጋዮች 3 ቮልት ቢሰጡ፣ የሚተርፈው 0.8 ቮልት ነው። 0.8 ለ0.025 ሲካፈል 32 ይሆናል፤ ስለዚህ በገበያ የተለመደው 33 ኦም ሬዚስተር ይበቃዋል። ያለዚያ ትንሽ ነገር ሌዘሩ በቅጽበት ይቃጠላል። የሰባተኛ ክፍል ማካፈል ለምን እንደሚጠቅም ለሚጠይቅ ልጅ ጥሩ መልስ ነው።

አሁን ምን ይደረግበታል?

ነጥብ ማስሮጥ በአሥር ደቂቃ ይሰለቻል። ከዚያ በኋላ ሌዘሩን መጫወቻ ሳይሆን መሣሪያ ያድርጉት። ለሦስቱም ሙከራዎች ሌዘሩን ጠረጴዛ ላይ በመጽሐፍ ደግፈው በናስትሮ ይለጥፉት፤ ከፊቱ መስታወት፣ ብርጭቆ መደርደሪያ ወይም ሰው አይኑር።

የመጀመሪያው ለቡና ሰዓት የሚሆን ነው። መብራት አጥፍታችሁ ሌዘሩን አብሩ። ግድግዳው ላይ ካለችው ነጥብ በቀር በመካከል ምንም አይታይም። አሁን የዕጣኑን ማጨሻ ከጨረሩ ሥር ያስጠጉ። ጢሱ ወደ ላይ ሲነሣ ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ የተወጠረ ቀይ ክር ይታያል። ብርሃንን ከጎን የምናየው አንድ ነገር መትቶ ወደ እኛ ሲበትነው ብቻ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

ሁለተኛው ለወጥ ቤት ነው። በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጎን፣ ከታች በኩል፣ በሚስማር አንድ ቀዳዳ ይብሱ። በጣት ዘግተው ውሃ ይሙሉበት። ሌዘሩን ከቀዳዳው ተቃራኒ በኩል አድርገው በውሃው ውስጥ ቀዳዳው ላይ ያነጣጥሩ፤ ጣትዎን ያንሡ። ውሃው ተጠማዝዞ ወደ ሳፋው ሲወርድ ብርሃኑም አብሮት ይጠማዘዛል። ዳንኤል ኮላዶን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1841 በጄኔቭ አሳይቶ ነበር። ዛሬ ወደ ቤታችን የሚገባው ፋይበር ኢንተርኔት በዚሁ ዘዴ ይሠራል፤ በውሃው ፋንታ የፀጉር ያህል የቀጠነ መስታወት ሆኖ።

ሦስተኛው የእኔ ምርጫ ነው፤ የቤተሰቡን ፀጉር መለካት። ከራስዎ አንድ ፀጉር ይንቀሉ። በካርቶን ላይ መስኮት ቀድደው ፀጉሩን በመካከሉ ወጥረው በፕላስተር ይለጥፉ። ካርቶኑን ጨረሩ ፀጉሩን እንዲመታው አድርገው ያቁሙ፤ ከፀጉሩ እስከ ግድግዳው ልክ 2 ሜትር ይሁን። ግድግዳው ላይ ነጥቧ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘርግታ፣ በጨለማ ክፍተቶች ተከፋፍላ ታገኟታላችሁ። የብርሃን ሞገድ ፀጉሩን በሁለት በኩል አልፎ ሲገናኝ የሚጽፈው ነው።

ከመካከለኛው ደማቅ ነጥብ በግራ ካለው የመጀመሪያ ጨለማ፣ በቀኝ እስካለው የመጀመሪያ ጨለማ ያለውን ርቀት በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ይለኩ። ለሁለት ያካፍሉት። ከዚያ 1300ን ባገኙት ቁጥር ያካፍሉ። መልሱ የፀጉሩ ውፍረት በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ለምሳሌ ርቀቱ 36 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግማሹ 18 ነው፤ 1300 ለ18 ሲካፈል 72 ማይክሮን ይመጣል። የሰው ፀጉር ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ነውና ቁጥራችሁ በዚያ አካባቢ ከዋለ በትክክል ሠርታችኋል። 1300 ከየት መጣ? የሌዘሩ ሞገድ 0.65 ማይክሮን ነው፤ 2 ሜትር 2000 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱን ያባዟቸው።

አንድ ነገር ያስገርማችኋል። ያንኑ ጥቅልል ፀጉር በሌላ ጎኑ አዙራችሁ ስትለኩት ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል። አልተሳሳታችሁም። ቀጥ ያለ ፀጉር ተቆርጦ ሲታይ ወደ ክብ ይጠጋል፤ ጥቅልል ፀጉር ግን ሞላላ ነው፤ አንዱ ጎኑ ከሌላው ይሰፋል። በመንገድ ዳር በተገዛ ሌዘር ግድግዳ ላይ ሲሯሯጥ የነበረ ልጅ አሁን የአያቱ ፀጉር ከእናቱ ይቀጥን እንደሆነ በማስመሪያ እየለካ ነው።

የቤታችን ሕግ

እነዚህን በወረቀት ጽፋችሁ ሌዘሩ በሚቀመጥበት መሳቢያ ላይ ለጥፉ።

• ወደ ሰውም ወደ እንስሳም ፊት አይበራም። ድመቷም ዓይን አላት።

• ወደ መስታወት፣ ወደ ሚያብረቀርቅ ብረት፣ ወደ መስኮት አይበራም።

• ወደ መኪናና ወደ አውሮፕላን ፈጽሞ አይበራም። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲያርፍ በጣራችን ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። በቅርብ የምስር ክክ የምታክለው ነጥብ ርቃ ስትሄድ ትሰፋለች፤ ከ1 ኪሎ ሜትር ላይ ስፋቷ 1 ሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል። ለአብራሪው በጨለማ ውስጥ መላው መስታወት በቀይ ብርሃን ይሞላበታል ማለት ነው። በአሜሪካ ሌዘር ወደ አውሮፕላን ማብራት እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል።

• አዋቂ ከሌለ አይበራም። ሲያልቅ ድንጋዩ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጣል።

• ዓይን ውስጥ ገብቶ የማይጠፋ ጥላ ወይም ብዥታ ከቀረ፣ «ነገ ይሻለኛል» ሳይባል ወደ ዓይን ሐኪም ይኬዳል።

ሕጉን የሚያነብበው ልጁ ይሁን፤ ሌላው ሰው ሲጥስ የሚያርመውም እሱ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የጎረቤት ልጅ ሌዘር ይዞ ሲመጣ «ወደ ፊት አታብራ፤ ሬቲና አያምም እኮ!» ሲል ትሰሙታላችሁ። እርስዎ ቀምተው ቢሆን ኖሮ ያንን ዓረፍተ ነገር አይናገረውም ነበር።

የፊታችን ቅዳሜ ዝናቡ ሲጀምር ቴሌቪዥኑን አትክፈቱ። ሁለት ድንጋይ፣ አንድ ማብሪያ፣ አንድ ባዶ ማርከር አዘጋጁ። ከየአንዳንዳችሁም አንድ አንድ ፀጉር።